ስንቅ ቋጣሪ፦ ከተክለ ሃይማኖት ሱቅ እስከ ቅዳሜ ጨዋታ

ነጋዴ ነኝና ወጪውን ላስቀድም። ይህ ነገር ያስወጣኝ አሥራ ሦስት ቅዳሜ፣ ከሱቁ የተረፈኝን የመጨረሻ ጥቅል ሸራ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የነበረኝን ክብር ግማሹን ነው። ባለቤቴ ዘይነባ ቅዳሜ ከሰዓት የት እንደምሄድ ሰው ሲጠይቃት እስከ ዛሬ "ስብሰባ አለበት" ነው የምትለው። አልፈርድባትም። ልጆቹን የዳረ፣ ጉልበቱ የሚንቋቋ ሰውዬ ከልጆቹ እኩዮች ጋር ጠረጴዛ ከቦ የሌለ ተራራ ይወጣል ተብሎ እንዴት ለጎረቤት ይነገራል?

ከሥራዬ ልጀምር፤ ያለ እሱ ይሄኛው አይገባም። ከስልጤ አገር ወጥቼ አዲስ አበባ የገባሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጆንያ ላይ ከተጻፈው ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም። መጀመሪያ እህል በረንዳ ሁለት ዓመት ተሸከምኩ። የዚያን ጊዜው አለቃዬ ጆንያ ሲቀደድ ይደነግጣል፤ ሰው ሲቀደድ ሌላ ይቀጥራል። ከእሱ የተማርኩት ወገቤን ጠበቅ አድርጎ ማሰር ብቻ ነው። ከዚያ ሐጂ ይማም ዘንድ ገባሁ። እዚያው ሱቅ ሠላሳ ስድስት ዓመት ቆየሁ፤ ግማሹን ተቀጣሪ ሆኜ፣ ግማሹን እሳቸው ካለፉ በኋላ ባለቤት ሆኜ። ስለ ደሞዙ አላወራም፤ እሱም ስለ እኔ ብዙ የሚያወራው የለውም።

ሐጂ ይማም የወሎ ሰው ናቸው። ከተክለ ሃይማኖት ወደ መርካቶ በሚወስደው መንገድ ላይ የመንገድ ዕቃ ይሸጡ ነበር፦ ሸራ፣ ገመድ፣ ጀሪካን፣ ክሪክ፣ ባትሪ፣ ቁልቁለት ላይ ከጎማ ሥር የሚወሸቅ የእንጨት ታኮ። ደንበኞቻችን የከባድ መኪና ሾፌሮች ናቸው። ሐጂ አንድም ቀን ደንበኛን "ምን ልስጥህ?" ብለው አያውቁም። "ምን ልስጥህ ካልከው የሚያውቀውን ይነግርሃል፤ የሚገድለው ግን የማያውቀው ነው" ይሉ ነበር። እሳቸው የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው። የት ታድራለህ? ከማን ጋር ነህ? ብትዘገይ ማን ይፈልግሃል? ሾፌሩ ሲመልስ አፉን አያዩም። ጫማውን፣ የረዳቱን እጅ፣ ጎማውን ነው የሚያዩት።

ጭነት ማሰርም ከሳቸው ነው የተማርኩት። ገመድ ሲጠብቅ ሁሉም ጎበዝ ነው። ጭነት ግን በመጀመሪያው ኮረኮንች ይረጋል፤ ሲረጋ የጠበቀው ገመድ ይላላል። ስለዚህ ጥሩ ጫኝ ከተማ ሳይወጣ የሚያስር አይደለም፤ ትንሽ ሄዶ ቆሞ እንደገና የሚያስር ነው። ሌላም አመል ነበራቸው። ሾፌሩ ተሰናብቶ ሞተር ካስነሳ በኋላ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው አንድ ነገር ይሉታል። ሾፌሩ ወይ ይስቃል ወይ ራሱን እየነቀነቀ ይሄዳል። እኔ ዱዓ የሚያደርጉላቸው ይመስለኝ ነበር።

ጊዜው ተለወጠ። ዕቃው ሁሉ ታሽጎ በካርቶን ከውጭ ይመጣል፤ ሾፌሩም የሚፈልገውን በስልክ ያዛል። "የት ታድራለህ?" ስለው "ምን አገባህ?" የሚል ትውልድ መጣ። ጉልበቴም አብሮ እምቢ አለ። ሱቁን ዘግቼ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ አልኩ። ያን ጊዜ የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር ነበር። ልጆቼ አንዷ ነርስ፣ አንዱ መሐንዲስ ናቸው፤ ይባርካቸው። ግን ሐጂ የሰጡኝን ነገር የሚቀበለኝ ሰው የለም። ከእኔ ጋር ሊቀበር ነው።

አንድ ቀን ከእኛ በታች የምትኖረው ሜሮን በሩን አንኳኳች። ሜክሲኮ ባንክ ውስጥ የምትሠራ፣ ደረጃ ላይ ስታገኘኝ ፌስታሌን ነጥቃ የምትሸከም ልጅ ናት።

"ጋሼ ሽኩር፣ ትንንሽ ከረጢት የሚሰፋበት ሸራ ይኖርዎታል?"

"ምን ልትከቺበት?"

"ዳይስ።"

"የሉዶ?"

"የሉዶ ዓይነት። ግን ሃያ ፊት ያለው።"

ሃያ ፊት ያለው ዳይስ አይቼ አላውቅም። ሃያ ፊት ያለው ደንበኛ ግን ነበረኝ። "ስንት ሰው ነው የሚይዘው? ዝናብ ያገኘዋል? ቢጠፋ ማን ይፈልገዋል?" አልኳት፤ አመሌ ነው። ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን አቁማ ስልኳን አወጣችና ያልኩትን ጻፈችው። "ጋሼ፣ ጨዋታችን ውስጥ እንደዚህ የሚጠይቅ ሰው ነው የጎደለን" አለች።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል። አንዱ ታሪክ ይመራል፤ ሌሎቹ በታሪኩ ውስጥ ያለ አንድ አንድ ሰው ይሆናሉ። ሁሉም ሙያ አለው፤ ሙያው ምን እንደሚችል፣ ሲያልቅ የሚሞትበት "ነፍስ" የሚባል ነጥብም ስንት እንደቀረው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ይሳካለት አይሳካለት በዳይስ ይለያል። እነ ሜሮን የራሳቸውን ጨዋታ እየሠሩ ነበር፤ ገደሉም ገበያውም ጭራቁም የእኛው አገር ዓይነት። ወደ ማተሚያ ቤት ሊገባ ጥቂት ቀርቶታል። ባለጎራዴ አለ፣ ቀስተኛ አለ፣ ባለአስማት አለ። አራተኛው ሙያ፣ ጓደኞቹን የሚደግፈው፣ አልሆን ብሏቸው ነበር፤ ሜሮን በቀጣዩ ቅዳሜ ይዛኝ የሄደችው ለዚያ ነው።

"በጣቱ ነክቶ ቁስል የሚያድን ሌላ ባለአስማት እናድርገው" ይላል ናሆም። ናሆም ሕጉን የሚጽፈው ነው፤ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ፣ ሳቅ የሚቆጥብ ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው።

"በጣት የሚድን ከሆነ ማን ይጠነቀቃል?" አልኩት። "ደግሞ እኔ አስማት ያለበት አልገባም። ዲኔም አይፈቅድ፣ ልምዴም አይፈቅድ። ያለ አስማት ሰው የሚመልስ ሙያ ልሥራላችሁ።"

"ዕቃ ተሸካሚ?"

"ጫኝ በለው።"

"ጋሼ፣ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ውሎ ቅዳሜ መጥቶ ጫኝና አውራጅ ልሁን ይላል?"

ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ያናደደኝም ለዚያ ነው። ተዋዋልን። ሦስት ሙከራ ይደረጋል። በመጨረሻው ሙከራ እኛን የማያውቅ እንግዳ ማንም ሳይገፋው ወዶ ሙያውን ካልመረጠው፣ ይወጣል፤ በቦታው ባለጣቱ ይገባል። ዘይነባ ስትሰማ "በስተርጅና አስማተኛ ሆንክ?" አለችኝ። "የእኔው አስማት የለውም" አልኳት። "ታዲያ ምን ሊጠቅም?" አለች። እሷም የናሆም ወገን ሆነች።

የመጀመሪያውን ያበላሸሁት በደግነት ነው። ጫኙ ካለ ማንም አይራብም፣ አይበርደውም፣ አይደክመውም ብዬ ጻፍኩ። የጋራ መገልገያው ቤት ውስጥ፣ በዓል ሲሆን በግ የሚታረድበት ክፍል አጠገብ፣ ተጫወትነው። ጫኝ የሆነችው ሜሮን ነበረች። በሁለተኛው ሰዓት እያዛጋች "እኔ ሰው አይደለሁም እኮ፣ መጋዘን ነኝ" አለች። ልክ ናት፤ ምንም የምትወስነው ነገር አልሰጠኋትም። ሱቅ ተከፍቶ ባለሱቁ ከሌለ ያው ዕቃ ነው።

ለሁለተኛው ጠንክሬ መጣሁ። አሁን ጫኙ ይመርጣል፤ ለማን ምን እንደሚሰጥ እሱ ይወስናል። ጫኝ የሆንኩትም ራሴ ነኝ። ሕጉ ቀላል ነው፦ ጫኙ "እንካ" ይላል፣ ጓደኛው "እሺ" ይላል፣ ይድናል። ናሆም ገደል ውስጥ ከተተን። ዝናብ፣ ብርድ፤ በእያንዳንዱ ዙር ብርዱ ከሁሉም አንድ አንድ ነፍስ ይወስዳል። እኔ ጋ አንድ ጋቢና ሁለት ቁራሽ ስንቅ አለ። ቀስተኛዋ ፅዮን፣ ባለጎራዴው ብሩክ ነበሩ፤ ሁለቱም የሜሮን ጓደኞች።

"ፅዮን፣ ጋቢውን እንኪ" አልኩ።

"አይ ጋሼ፣ ለብሩክ ይስጡት። እኔ ደህና ነኝ" አለች። እንደ ሁላችንም ሦስት ነፍስ ነው የቀራት።

"ኧረ በማርያም! እሷ ትቅደም" አለ ብሩክ።

ዙሩ አለፈ። ናሆም ከሁሉም አንድ ቀነሰ።

"ብሩክ፣ እሺ ስንቁን አንተ ብላ።"

"እርስዎ ሳይቀምሱማ አይሆንም፣ ጋሼ።"

"እኔ ጫኝ ነኝ እኮ፤ አይርበኝም!"

"ቢሆንም፣ ትልቅ ሰው እያለ..."

ዙሩ አለፈ። ሜሮን ባለአስማት ነበረች፤ ጋቢውን ስዘረጋላት እሷ ደግሞ ለእኔ አለበሰችኝ። ዙሩ አለፈ። ናሆም እርሳሱን አስቀመጠ።

"ሞታችኋል" አለ። "ሁላችሁም። ጋቢውን እንደተሸከማችሁ፣ ስንቁን እንደያዛችሁ። በይሉኝታ ሞታችኋል።"

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ናሆም ሳይጨክን፣ በቀስታ፣ "ጋሼ፣ ይሄ ሙያ እኛ አገር አይሠራም። ሰው 'ስጠኝ' ማለት አይወድም። ባለጣቱን እናስገባ" አለኝ። ሜሮን "አንድ ሙከራ ቀርቷል፤ ተዋውለናል" ብላ ተሟገተችልኝ። ደረጃውን ስወጣ ጉልበቴ ሳይሆን ሌላ ነገር ነበር የከበደኝ። ይህን "አይ" ድሮ ሰምቼዋለሁ።

ሐጂ ታመው ቤት የዋሉ ቀን ነው። ሱቁ በእኔ እጅ ነበር። አንድ ወጣት ሾፌር አዲስ መኪና ይዞ ገመድ ሊገዛ መጣ፤ ረዳቱ ከኋላው ቆሟል። ሦስቱንም ጠየቅሁት፤ አሳምሬ። ቁልቁለት ላይ እንደሚያድር ነገረኝ።

"ታኮ ጨምር" አልኩት።

"አይ፣ ፍሬኔ አዲስ ነው።"

"ውሰደው፤ ስትመለስ ትከፍላለህ።"

"አይ አልኩህ እኮ! ፍሬን የማያውቅ ሾፌር መሰልኩህ?"

ተውኩት። የጠየቅሁትን ጠይቄያለሁ፣ እሱም መልሷል፤ ንግድ ይኸው ነው አልኩ። ቁልቁለቱ ላይ ሊቆሙ ሲሉ መኪናው ሸተት አለ። ታኮ ስለሌለ ረዳቱ ድንጋይ ሊወሽቅ ገባ። ድንጋዩ ተፈነጠረ። የልጁ እግር ከጉልበት በታች ቀረ።

ሐጂ አልጮሁብኝም። ሆስፒታል ይዘውኝ ሄዱና አልጋው አጠገብ አስቀመጡኝ፤ እሳቸው ከልጁ ጋር ስለ አገሩ ሲጫወቱ እኔ አንሶላው ባዶ የሆነበትን ቦታ እያየሁ ቆየሁ። ስንመለስ ነው የተናገሩት። "'አይ' ያለህ ሰውዬው አይደለም" አሉ። "ረዳቱ ፊት ቆመህ ጠየቅኸው፤ ኩራቱ መለሰልህ። ከኩራት ጋር አትነጋገር፤ ከጭነቱ ጋር ተነጋገር።"

በማግስቱ አንድ መኪና ተጭኖ ሲያልቅ ሐጂ ማንም ሳያያቸው ታኮ ከሸራው ሥር ሲወሽቁ አየሁ። ሾፌሩ ተሰናበተ፣ ሞተሩ ተነሳ። ሐጂ ወደ መስኮቱ ሄዱና "በቀኝ በኩል ከሸራው ሥር ታኮ አለልህ" አሉት። "ሐጂ ደግሞ!" ብሎ እየሳቀ ሄደ። ለካ ዱዓ አልነበረም። "ሞተር ካስነሳ በኋላ ዕቃ ሊመልስ የሚወርድ ሾፌር የለም" አሉኝ።

እሑድ ጠዋት የሜሮንን በር አንኳኳሁ። "ማንም 'ልስጥህ?' ተብሎ እንዳይጠየቅ" አልኳት። "ማንም 'እሺ' እንዳይል። ጉዞው ሳይጀመር ይታሰር።"

የሙያውን ስም ለወጥነው፤ ስንቅ ቋጣሪ ሆነ። ስንቅ ቋጣሪ ከመነሻው በፊት ጓደኞቹን ሦስት ሦስት ጥያቄ ይጠይቃል። ከዚያ በቁራጭ ወረቀት ላይ ለእያንዳንዱ አንድ ነገር ጽፎ፣ አጥፎ፣ ባለቤቱ ሳያየው ከወረቀቱ ሥር ያስቀምጣል። ይህ ቋጠሮ ይባላል። ችግር ሲመጣ "ቋጠሮህን ፍታ" ይላል። ዕቃው አስቀድሞ በቦርሳህ ውስጥ ነው፤ አልፈልግም ብትል ለማን ትመልሳለህ?

ናሆም አገጩን ይዞ አሰበ። "'ሁሉን የሚከፍት ቁልፍ' ብሎ ቢጽፍስ?"

"ከተነሱበት ከተማ ገበያ ላይ የማይገኝ ነገር አይጻፍም።"

"ሁልጊዜ ልክ ከሆነስ? ያው አስማት ሆነ።"

"ካልጠቀመ ሸክም ነው። የተሸከመው ሰው ይዘገያል።"

"አንዴ ከተሳሳተ አለቀለት ማለት ነው?"

"ጭነት በመጀመሪያው ኮረኮንች ይረጋል" አልኩት። "ከመጀመሪያው ችግር በኋላ ቆሞ አንድ ቋጠሮ ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛውር። አንዴ ብቻ።"

ናሆም እርሳሱን አነሳ። የነገርኩትን ጻፈው። መከራከሩን የተወ ደንበኛ ሊገዛ እንደሆነ አውቃለሁ።

የመጨረሻው ቅዳሜ ደረሰ። ሦስት እንግዶች መጡ። ሁለቱ ሜክሲኮ ያለ ኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው፤ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት። ሦስተኛው ዳዊት የሚባል፣ እዚያው ሜክሲኮ የታክሲ ተራ አስከባሪ፣ የተማሪው የአክስት ልጅ ነው። የመጣው ከዝናብ ሊጠለል ነው ማለት ይቻላል። የአራቱ ሙያዎች ካርድ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። የተረፈውን ሜሮን ትወስዳለች፤ የተረፈው የእኔው ከሆነ ነገሩ አበቃ። እኔ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። እንዳልናገር ናሆም አስምሎኛል።

ወንዱ ተማሪ ሳያነብ ባለጎራዴውን አነሳ። ልጅቷ ቀስተኛዋን። ሁለት ቀሩ። ዳዊት ባለአስማቱን አንስቶ አየና "ይሄ ጀለሴ ቁጭ ብሎ እጁን ነው የሚያወዛውዘው?" ብሎ መለሰው። የእኔን አነሳ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ቀስ ብሎ፣ እስከ መጨረሻው አነበበ።

"ይሄ እኔ ነኝ" አለ። "ቀኑን ሙሉ ሰው እጭናለሁ፤ ሁሉም ይሄዳል፣ እኔ እዚያው ነኝ። አሁን ግን አብሬ ልሄድ ነው!"

ናሆም ወደ እኔ አላየም። እኔም ወደ እሱ አላየሁም። ሁለታችንም ግድግዳውን አየን።

ጉዞው ከተራራ ዋሻ የተሰረቀ ደወል ማምጣት ነው። ዳዊት ጥያቄውን ጀመረ፤ ተራ እንደሚያስከብር ነው የሚጠይቀው።

"አንተ ባለጎራዴ፣ ጫማህን አሳየኝ።"

"ጫማ ወረቀቱ ላይ የለም።"

"እኮ! ባዶ እግርህን ነህ ማለት ነው።" ጻፈ፣ አጠፈ። "አንቺስ፣ እህቴ? ገደል ቢመጣስ?"

"እኔ እዘላለሁ። ገመድ ምናምን አልፈልግም" አለች ቀስተኛዋ፤ እውነትም ኩሩ ናት።

"አራዳ!" አለ ዳዊት፤ ጻፈ፣ አጠፈ። ለሜሮን የጻፈውን ማንም አላየም።

ዋሻው ውስጥ በረዶ የመሰለ ውሃ መጣ። ባለጎራዴው ቋጠሮውን ፈታ፤ ጫማ። ተሻገረ። ሜሮን የእሷን ፈታች፤ ጃንጥላ። "ዋሻ ውስጥ ጃንጥላ!" ብለው ሲስቁበት ዳዊትም አብሮ ሳቀ፤ ሜሮን ግን ለሁለት ዙር ዘገየች። ሸክም ሸክም ነው። ከዚያ ገደሉ መጣ። ቀስተኛዋ ዳይሱን ወረወረች፤ ሁለት ወጣ። ሃያ ፊት ካለው ላይ ሁለት ማለት ዘላ አልደረሰችም ማለት ነው።

"በአንድ እጅሽ ተንጠልጥለሻል" አለ ናሆም።

ልጅቷ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"እህቴ፣ ቋጠሮሽን ፍቺ" አለ ዳዊት።

ፈታች። "ገመድ" ብላ አነበበች። "እኔ ገመድ አልፈልግም ብዬ..."

"ከወገብሽ ጋር ታስሯል። ገና ከተማ ሳለን። ዝም በይና ተንጠልጠይ፤ እየጎተትን ነው!"

ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። ጥበቃው ጠብ የተነሳ መስሎት በር ላይ መጣ። ባለጎራዴው ቆሞ በባዶ እጁ አየር ይጎትታል፣ ልጅቷ እየሳቀች ዓይኗን ትጠርጋለች፣ ዳዊት እንደ ሜክሲኮ "ሳብ! ሳብ! አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ይጮሃል። አራቱም ደወሉን ይዘው፣ በእግራቸው፣ በሙሉ ነፍስ ተመለሱ። አንድም ጣት ማንንም አልነካም።

ሜሮን ወረቀቱን መሰብሰብ ስትጀምር ልጅቷ ክንዷን ያዘች። "አንዴ እንድገም። አሁን ስንቅ ቋጣሪ እኔ ነኝ።"

"እኔ ነኝ እንጂ! ቀድሜ ልል ነበር" አለ ባለጎራዴው።

"ተራ ያዙ!" አለ ዳዊት። ሥራው ነው።

ናሆም ወንበሩን ስቦ አጠገቤ መጣ። "ጋሼ፣ ተሸነፍኩ አልልም" አለ።

"አትበል። ጻፈው።"

ጻፈው። መጽሐፉ ታትሞ ሲመጣ ሜሮን የመጀመሪያውን ቅጂ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይዛልኝ ወጣች። ዘይነባ መነጽሯን አድርጋ፣ ገልጣ፣ የስንቅ ቋጣሪው መጀመሪያ ላይ ያሉትን ሦስት ጥያቄዎች ጮክ ብላ አነበበች። "ይሄ የሐጂ ይማም ነገር አይደለም እንዴ?" አለች። እሷም ታውቀው ኖሯል። "ነው" አልኳት። ከሥሩ "በተክለ ሃይማኖት የመንገድ ዕቃ ሲሸጡ ከነበሩ አንድ አባት የተገኘ" ተብሎ ተጽፏል፤ እኔ ነኝ ያስጻፍኩት።

ባለጎራዴው በመጽሐፉ ውስጥ ሦስት ገጽ ነው። ስንቅ ቋጣሪው አራት ገጽ ነው። አንድ ገጽ ትርፍ።